ጥፋቱ የባትሪው ነውን?

ባለፈው ክረምት ተበድረን አንዲት ያገለገለች መኪና ገዝተን ነበር። ነገር ግን ጧት ጧት አልነሣም እያለች፤ መንገደኛ እየለመንን ስናስገፋት ከረምን። ጋራዥ ብንወስዳት «ባትሪው ሞቷል» ተባልንና አዲስ ገዛን። ሳምንት ሳይሞላው አዲሱም እንደ አሮጌው ዝም አለ። ለካስ በደለኛው ባትሪው ሳይሆን፤ ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን የሚመግበው ዲናሞ ኖሯል!

ባትሪ ጎተራ ነው፤ ዲናሞ ደግሞ ገበሬው ነው። ገበሬው ካላመረተ ጎተራውን ቢለውጡት እህል አይገኝም።

ይህንንም ለይቶ ለማወቅ አንድ የቮልት መለኪያ ይበቃል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ቢያሳይ ሙሉ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ግን ቁጥሩ ወደ 14 ቮልት ግድም ከፍ ማለት ይገባዋል። ከፍ ካላለ ምግቡ አልደረሰም ማለት ነው። ያን ጊዜም ዲናሞውን ከመኰነን አስቀድሞ፤ ቺንጋው ላልቶ፤ የባትሪውም ማሰሪያ ዝጎ እንደ ሆነ ማየት ያሻል። ከ15 ቮልት በላይ ካለፈ ደግሞ የኃይሉ መቈጣጠሪያ ተበላሽቶ ባትሪውን ያፈላዋል።

አንዳንዶች ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ ነቅለው፤ «ካልጠፋ ዲናሞው ደኅና ነው» ይላሉ። ይህ ልማድ የዛሬ መኪናዎችን የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ሊያቃጥል ስለሚችል መቅረት አለበት።

እንደ እኛ አስተያየት የደመወዝተኛ ገንዘብ በግምት የሚበተን አይደለም። ስለዚህ «ይለወጥ» ለሚለን ሁሉ «አስቀድሞ ይለካ» ብለን እንመልስ። በየመሥሪያ ቤታችንም ሥራ ሲቆም፤ ሰው ከመለወጥ በፊት ምክንያቱን መመርመር ይልመድብን።