የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ዓይነቱ ይለይ

ሰውና እንስሳ ያለ ዕረፍት በሚመላለሱበት የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ከተማ መስመር፣ የእብድ ውሻ በሽታን ቫይረስ ዓይነት መለየት የሁለቱ አገሮች ላቦራቶሪዎች መደበኛ ሥራ ሊሆን ይገባል።

የተለመደው ምርመራ ከሞተው እንስሳ አንጎል ናሙና ወስዶ በሽታው አለ ወይም የለም ይላል፤ ቫይረሱ ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። ይህ ቀላል ክፍተት አይደለም። በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 115 ናሙናዎችን ሲመረምር፣ ከመካከላቸው ሁለቱ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የቅርብ ዘመዶች የሆኑት የሞኮላና የሌጎስ የሌሊት ወፍ ቫይረሶች ሆነው ተገኝተዋል። በሥራ ላይ ያለው ክትባት ደግሞ ሞኮላን እምብዛም አይከላከልም። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮን የፈጀው ቫይረስ ከውሾች የተሻገረ መሆኑ የተረጋገጠውም በዚሁ ዓይነት ልየታ ነው፤ የትኛው እንስሳ ይከተብ የሚለው ጥያቄ ያለዚያ መልስ አያገኝም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ናሙና የእንስሳው ዓይነትና የተገኘበት ቦታ ተጽፎበት፣ ቅዝቃዜውን ጠብቆ ላቦራቶሪ ይድረስ፤ የአዲስ አበባና የጅቡቲ የጤና ተቋማትም ውጤታቸውን ይለዋወጡ። የተነከሰ ሰው ግን የማንንም ውጤት ሳይጠብቅ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ይጠብ፤ ዛሬውኑም ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን ይጀምር።