የጉለሌ ቁልቁለት

አንድ የሰፈራችን የጉለሌ ጎረምሳ በቀደም መጥቶ፤ «ጋሼ፤ ያገለገለ ባለ 600 ሲሲ የእሽቅድምድም ሞተርሳይክል ልገዛ ነው፤ ምን ይመክሩኛል?» ሲል ጠየቀኝ። መንዳት የጀመረው ገና ዘንድሮ ነው።

«ልጄ ሆይ፤» አልሁት፤ «ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ጉልበቱ ያስደስትሃል፤ የሚፈትንህ ግን መውረጃው ነው። ስለዚህ ሞተሩን ከማስጮህህ በፊት ፍሬኑን መርምር። የፍሬን ዘይት ሲቆይ እርጥበት ይስባል፤ በቁልቁለት ሲግል ይፈላና ፍሬኑ ይከዳል፤ በየ2 ዓመቱ መለወጥ አለበት። በጎማው ጎን ከተጻፈው ባለ 4 አሐዝ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንቱን፤ የመጨረሻዎቹ 2 የተሠራበትን የፈረንጅ ዓመት ይነግሩሃል፤ ያረጀ ጎማ በሐምሌ ዝናብ ያንሸራትታል። የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይ፤ ካቴናውን እያጸዳህ ዘይት ቀባ። የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. በሞተርሳይክል ላይ ገደብ ጥሎ ነበርና የፈቃዱንም ነገር አስቀድመህ ጠይቅ። ለመጀመሪያው ዓመት ግን ባለ 150 ሲሲ ይበቃሃል።»

በማግሥቱ ተመልሶ፤ «ሻጩን የፍሬኑን ዘይት መቼ እንደ ለወጠው ብጠይቀው ዝም አለኝ» አለ።

ዝምታውስ መልስ አይደለምን? ልጓሙን ሳይሞክር ሰጋር በቅሎ የሚገዛ ማን ነው?