የሶፊ ማር ከቀፎ እስከ ባሕር ማዶ ጉምሩክ

በውጭ አገር የሚኖሩ የሐረር ተወላጆች ለሸዋሊድ በዓል መጥተው ሲመለሱ ከዘመድ የሚሰጣቸው ስንቅ ማር አይታጣበትም። በዓሉ በ2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ወደ ከተማዋ የሚያቀናው እንግዳ እንደሚጨምር ይጠበቃል። ከሐረሪ ክልል ሦስት የገጠር ወረዳዎች አንዷ በሆነችው ሶፊ የሚገኙ ንብ አናቢ አርሶ አደሮችም ማራቸው ከሐረር ገበያ አልፎ ባሕር የሚሻገርበት አንዱ በር ይኸው የተጓዥ ሻንጣ ነው።

ይሁንና በሻንጣ የሚሄድ ማርና ለንግድ የሚላክ ማር በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። በአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት አንድ ተጓዥ ለግል ፍጆታው ይዞ መግባት የሚችለው እስከ 2 ኪሎ ግራም ማር ነው። ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ የያዘውን ማር ለጉምሩክ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ኒውዚላንድ በአንጻሩ መንገደኞች ከኢትዮጵያ ማር ይዘው እንዲገቡ አትፈቅድም። ክልከላው ማሩ ለሰው ይጎዳል ከሚል የመነጨ አይደለም። የንብ እጭን የሚያበሰብሰው ባክቴሪያ ዘር በማር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ የተጣለ የማር ዕቃ የቀመሰች አንዲት ንብ በሽታውን ወደ ቀፎዋ ልትወስደው ትችላለች። በእጅ ሻንጣ ይዞ መሳፈርም አያዋጣም፤ ማር እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በአብዛኞቹ አየር ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የያዘ ዕቃ በፍተሻ ላይ ይቀራል።

ከ2 ኪሎ ግራም በላይ የሆነውና ለሽያጭ የታሰበው ማር ጉዳይ ግን ከበድ ይላል። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚ የማር አምራች ብትሆንም አብዛኛው ምርቷ ለጠጅ ይውላል። ወደ አውሮፓ ገበያ ማር መላክ ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር የገባችው በ2000 ዓ.ም ሲሆን፣ የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660 የወጣው በ2002 ዓ.ም ነው። በዝርዝሩ ለመቆየት አንድ አገር የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ የፀረ ተባይ ኬሚካልና የከባድ ብረታ ብረት ቅሪት በማሯ ውስጥ አለመኖሩን የምትከታተልበት ዕቅድ ሊኖራት ይገባል። ላኪው በበኩሉ የባንክ ፈቃድና ሥልጣን ካለው አካል የተሰጠ የጤና ምስክር ወረቀት ማቅረብ ይኖርበታል።

ለሐረር አካባቢ ዋነኛው ፈተና ከዚህ ላይ ይመጣል። ጫት በስፋት በሚለማበት በሐረርጌ ምድር የፀረ ተባይ ርጭት የተለመደ ሆኗል። ንብ ቀሰም ፍለጋ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ትበርራለች፤ የጎረቤትን ማሳ ከባለቀፎው ማሳ አትለይም። አናቢው ራሱ አንዲት ጠብታ ኬሚካል ባይነካ እንኳ በአበባ ወቅት የተረጨ የጎረቤት ማሳ ንቦቹን ሊገድል ወይም ቅሪቱን በማሩ ላይ ሊተው ይችላል። በመሆኑም ጉዳዩ ለንብ ባለሙያው ብቻ የሚተው አይደለም። የሰብል ልማትና የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያው የርጭቱን ሰዓት ንቦች ወደ ቀፎ ከተመለሱበት ምሽት ጋር እንዲጣጣም ማድረግ ካልቻለ፣ በወረዳው የሚከፋፈለው ዘመናዊ ቀፎ ብዛት ብቻውን ለውጥ አያመጣም።

የአቆራረጡም ነገር አለ። በባህላዊ ቀፎ ማርና እጭ አንድ እንጀራ ላይ ስለሚገኙ፣ በጥንቃቄ ካልተለየ ሰፈፉ ከነማሩ ለገበያ ይቀርባል። ለጠጅ ጣይ ይህ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም የሚመርጠው አይጠፋም። በውጭ ገበያ ግን የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ የማር ውኃ መጠን ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ያልበሰለ፣ ማለትም ንቦቹ በሰም ሳይከድኑት የተቆረጠ ማር ይህን መለኪያ አያልፍም፤ ቆይቶም ይቦካል።

በስጦታው 2 ኪሎ ግራምና ላኪ ድርጅቶች በሚጭኑት ኮንቴይነር መካከል ለአነስተኛ አምራች የተመቻቸ መንገድ እምብዛም አይታይም። ሃምሳ ኪሎ ግራም ማር ያለው አንድ የሶፊ አርሶ አደር ለብቻው የላቦራቶሪ ምርመራና የምስክር ወረቀት ወጪ ሊሸፍን አይችልም። ምርቱን በኅብረት ሥራ ማኅበር አሰባስቦ፣ ማሩ ከየትኛው ቀበሌና ከማን ቀፎ እንደመጣ በመዝገብ ይዞ ለላኪ ማስረከብ አሁን ባለው ሕግም ይቻላል። መዝገቡ መከፈት ያለበት በቀበሌው የልማት ጣቢያ፣ ማሩ ከቀፎ በሚቆረጥበት ዕለት ነው።