ወገባቸውን የሚያማቸው ወላጆች በአንድ ራጅ ብቻ አይሸኙ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ወደ አሜሪካ የመጡ ብዙ እናቶችና አባቶች ግን አባባሉን እያወቁ ሕመማቸውን ይደብቃሉ። በረዶ አዳልጧቸው ይወድቃሉ፤ ራጅ ይነሣሉ፤ «ትንሽ ስብራት ነው፣ ይድናል» ተብለው የሕመም ማስታገሻ ይዘው ይመለሳሉ። ከሦስት ወር በኋላም ከአልጋ ሲነሡ ሲያቃስቱ የሰማ ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

አጥንቱ የሳሳ ሰው አከርካሪው ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ይገጥማል። የማይገጥምም አለ። ጀርመናዊው ሐኪም ኸርማን ኩሜል ከቀላል አደጋ በኋላ ሕመሙ ለጊዜው ትቷቸው፣ ቆይቶ ግን ጀርባቸው ስለጎበጠ ሰዎች የገለጹት በ1891 ነበር፤ ራጅ ከመገኘቱ 4 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሕመሙ ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

ባልገጠመው አጥንት ውስጥ ክፍተት ይፈጠራል። በሽተኛው በጀርባው ሲተኛ ክፍተቱ ይከፈትና ጋዝ ይሞላዋል፤ ሲቆም ይደፈጠጣል። ስለዚህ በአንድ አኳኋን ብቻ የተነሣ ራጅ ሊያሳስት ይችላል። ቆሞና ተኝቶ የተነሡት ሁለት ራጆች ጎን ለጎን ታይተው የአጥንቱ ቁመት ከተለያየ፣ ስብራቱ አለመግጠሙን ያመለክታል። ሲቲ ስካን ጋዙንና የአጥንቱን የኋላ ግድግዳ አጥርቶ ያሳያል። ኤም አር አይ ደግሞ በክፍተቱ የተጠራቀመውን ፈሳሽና የነርቭ መጨፍለቅን ያሳያል፤ ነገሩ ካንሰር ወይም የአከርካሪ ቲቢ እንዳይሆን ለመለየትም ይረዳል።

እርግጥ ወገቡን ያመመው ሁሉ ኤም አር አይ ይነሣ ማለት አይደለም። አብዛኛው የወገብ ሕመም ያለ ምንም ምርመራ ይሻላል። ስብራት እንዳለበት የታወቀ፣ ከወራት በኋላም ሲነሣና ሲቆም የሚብስበት ሰው ግን እንደገና መታየት አለበት። ቆሞና ተኝቶ ራጅ መነሣት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የልጆች ድርሻ የቀድሞውን ራጅ ይዞ መቅረብና ሕመሙ መቼ እንደሚብስ ለሐኪሙ መናገር ነው። አያቱን ሐኪም ቤት ማስተርጎም የትንሽ ልጅ ሥራ አይደለም፤ በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልታዘዝ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ለልጆቻቸው ሲሉ ወገባቸው የጎበጠ ወላጆች ዝም ስላሉ ብቻ ድነዋል ማለት አይደለም።