ስለ ልብስ እጥበትና ወደ ውጭ አገር ስለሚሄድ ነጋዴ

ወደ ውጭ አገር ለንግድ የሚሄድ ሰው ስለ ፓስፖርቱ፥ ስለ ቪዛውና ስለ ምንዛሪው አስቀድሞ ይመክራል፤ ባንኩንም ይጠይቃል፥ ከእርሱ በፊት የሄደውን ጎረቤቱንም ይጠይቃል። ስለ ልብሱ እጥበት ግን የሚጠይቅም የሚነግርም የለም። ነገሩ ለዚህ ገጽ የማይበቃ ትንሽ ጉዳይ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም እስከ ጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም. ድረስ እንደዚሁ አስብ ነበር።

በዚያ ወር አሠሪዬን ተከትዬ ወደ ቻይና አገር፥ ወደ ጓንዡ ከተማ ሄድሁ። አሠሪዬ በአጅባር ሱቅ ያላቸው፥ ቆዳና ባቄላ ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ ነጋዴ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ባሕር ማዶ ሲሻገሩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ የእኔም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በዚያች ከተማ የሚደረገው የካንቶን የንግድ ትርኢት በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ በእያንዳንዱም ጊዜ በሦስት ዙር ይካሄዳል። አንዱ ዙር 5 ቀን ነው፤ በዙሮቹ መካከል ባሉት 3 ቀኖች ያለፉት ሻጮች ዕቃቸውን አንሥተው ይሄዱና ሌሎች ይተካሉ። የኤሌክትሪክና የመብራት ዕቃ በመጀመሪያው፥ የወጥ ቤት ዕቃ በሁለተኛው ዙር ስለሚቀርብና ጋሼ ሁለቱንም ስለ ፈለጉ፥ ከጥቅምት 4 እስከ 16 ቀን መቀመጥ ግድ ሆነብን። ለ13 ቀን 13 ሸሚዝ የሚይዝ ነጋዴ አላየሁም፤ ቢኖርም ሲመለስ ለናሙናው የሚሆን ቦታ በሻንጣው አይተርፈውም።

በአገራችን ልብስ የሚታጠበው በሚታወቅ እጅ ነው። እናቶቻችን ነጠላውንና ቡልኮውን ወንዝ ወርደው በእንዶድ ያጥቡ ነበር። (ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ያስተዋሉት ከእንደዚህ ያሉ ልብስ አጣቢዎች አጠገብ ነው።) ልብሱን ለእጥበት ሲሰጥ ፈርም የተባለ ሰው አልነበረም። በሆቴል ግን እንግዳውን በቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ ከረጢትና አንድ ቅጽ ይጠብቁታል፤ ቅጹም በእውነቱ የውል ሰነድ ነው።

ጥቅምት 8 ቀን ማታ፥ የመጀመሪያው ዙር በተዘጋበት ዕለት፥ የሁለታችንን ሸሚዞች በከረጢቱ ከትቼ፥ ቅጹን ሳላነብ ፈርሜ ሰጠሁ። በማግሥቱ ሸሚዞቹ ታጥበውና ተተኩሰው መጡ። ከጋሼ ሸሚዝ ኪስ ግን የጠነከረ የወረቀት ድቡልቡል ወጣ። ይህ ወረቀት የፀሐይ መብራት የሚሸጥ አንድ ነጋዴ የሰጠን የአድራሻ ካርድ ነበር፤ በጀርባው ለ500 መብራት የቈረጠልንን ዋጋ በእጁ ጽፎበት ነበር። ወደ ትርኢቱ ስንሮጥ ስፍራው ባዶ ሆኖ ቈየን። የስፍራውን ቍጥር አልያዝንም፤ የሰውዬውንም ስም በቅጡ አናውቅም። መብራቱን ኋላ ከአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ በሚበልጥ ዋጋ ገዛን።

ለሆቴሉ ሠራተኛ አቤት ብል፥ በትሕትና ቅጹን አገላብጣ በኪስ ለተረሳ ነገር ሆቴሉ ኃላፊ እንዳልሆነ የሚለውን መስመር አሳየችኝ። ከሥሩ ፊርማዬ አለ። ጋሼም፦ «አንተ ልጅ፥ የሰው ውል ስታነብልኝ አንዲት ነጥብ አታልፍም፤ የራሳችንን ሳታነብ ፈረምህ?» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ፦ «ይሁን፤ ኪሴን ያልፈተሽሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ያን ሌሊት ቅጹን በመዝገበ ቃላት እያገዝሁ አነበብሁት። ኋላ ካየኋቸው የሌሎች ሆቴሎች ቅጾች ብዙም አይለይም። ሒሳቡ በኪሎ ሳይሆን በአንድ በአንድ ልብስ ነው፤ ካልሲ እንኳ ለብቻው ይቈጠራል። በውሃ የሚታጠበው፥ በውሃ ሳይነከር በመድኃኒት የሚጸዳውና የሚተኰሰው ብቻ በተለያየ ረድፍ ተጽፈዋል፤ ሱፍ ኮት በውሃው ረድፍ ከተመለከተ ሊኮማተር ይችላል። እንግዳው የልብሱን ብዛት ካልጻፈ የሆቴሉ ቈጠራ ይጸናል። ለዚያው ቀን በአስቸኳይ የሚፈልግ ብዙ ጊዜ ግማሽ ዋጋ ይጨምራል፤ የአገልግሎትና የግብር ክፍያም ከሥር ይደመራል። ልብሱ ቢጠፋ ደግሞ በብዙ ሆቴሎች የሚከፈለው ካሳ ከእጥበቱ ዋጋ ዐሥር እጥፍ አይበልጥም። 200 ዶላር የሚያወጣ ኮት በ5 ዶላር ቢሰጥና ቢጠፋ፥ ባለቤቱ ከ50 ዶላር በላይ አያገኝም ማለት ነው። ይህን የመሰለ አንቀጽ በዕቃ ማስጫኛ ውል ላይ ብናይ ኖሮ ስንት ቀን እንከራከር ነበር!

በሁለተኛው ሳምንት ከሆቴሉ ጀርባ በሚገኝ መንገድ ካለች ትንሽ የልብስ ማጠቢያ ቤት ሰጠን፤ የሆቴሉን ሲሶ ከፈልን፥ ደረሰኝም ተቀበልን። አንዳንድ ነጋዴዎች ካልሲንና የውስጥ ልብስን በመታጠቢያ ቤት በገዛ እጅ ማጠብ ክብር ይነካል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምንዛሪ በቍጥር የሚያገኝ ሰው ለካልሲ እጥበት ዶላር ሲያወጣ ማየት ይብስ ያሳፍራል። ጥበብ ያለበትን የሀገር ልብስ ግን ለማንም መስጠት አይገባም፤ የጥለቱ ቀለም ወደ ነጩ ይሮጣል፥ የእጅ ፈትሉም በማድረቂያው ሙቀት ይሰበሰባል። ለሌላው ልብስ ከውስጥ የተሰፋችውን ጨርቅ መመልከት ይበቃል፤ ገንዳው የውሃ እጥበት፥ ክቡ የመድኃኒት ጽዳት፥ ካውያው መተኰስ ነው፤ የተሰረዘበት ደግሞ ክልክል ነው። ይህን ለመረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

የንግድ ምክር ቤቶቻችን ለትርኢት ተጓዦች ስለ ቪዛና ስለ ጉምሩክ ማስረዳታቸው መልካም ነው። ከዚያው ጋር አንድ የተለመደ የእጥበት ቅጽ በአማርኛ ተተርጕሞ በአንድ ገጽ ቢታተም ወጪው ከወረቀት አያልፍም። ትርጕሙን እኔ ያለ ዋጋ አቀርባለሁ።

ትርኢቱ በኮሮና ምክንያት በአካል በሙሉ ሳይደረግ ቈይቶ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እንደ ገና በሙሉ ሲከፈት ከጋሼ ጋር ተመልሰን ሄድን። የተረጐምሁት ቅጽ ከፓስፖርታቸው ጋር ነበር። ማታ ማታ ብዛቱን ራሳቸው ይጽፋሉ፤ ከመጻፋቸውም በፊት ኪሱን ሁሉ፥ የእኔን ጭምር፥ በአልጋው ላይ ይገለብጣሉ።