ካዛንቺስ ፎቅ ሲደረድር ዳሎል እንግዳውን ደጅ ያሳድራል

ቂርቆስ ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው ደላላ ሲያማክር የሚሰማው ምክር ብዙም አይለወጥም፤ «ካዛንቺስ ሆቴል ሥራ» ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚያ ነው፤ ስብሰባ አይጠፋም፤ ተሰብሳቢው ዶላር ይዞ ይመጣል። የድሮው ሠፈር በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሶም ምክሩ አልፈረሰም።

ለመሆኑ ተሰብሳቢው ስብሰባው ሲያበቃ ምን ይሸጥለታል? ቡና፣ ሙዚየም፣ ከዚያ ቦሌ። ሙዚየሙ ውስጥ የሚያያት ሉሲ እንኳ የአዲስ አበባ ልጅ አይደለችም፤ በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘች ናት።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ስትሆን ምፅዋ፣ አሰብና የዳህላክ ደሴቶች ከኢትዮጵያ የጎብኚ ገበያ ወጡ። የቀረው ባሕሩ ራሱ ጥሎት የሄደ ዳርቻ ነው። ዳናክል በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውኃ ይገባበት ነበር፤ የኮራሉ ቅሪት ዛሬም በረሃው ውስጥ ይታያል። አገሩን ለዘመናት ያገበያየው አሞሌ የተቆረጠው ከዚሁ ጨው ነው። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርደው ዳሎልና ኤርታ አሌ እሳተ ገሞራ ለፈረንጅ ማስታወቂያ አያሻቸውም።

ይህን ለማየት በዶላር የከፈለ እንግዳ ግን ሐመድ ኤላ ሲደርስ የሚያድረው ሜዳ ላይ፣ በገመድ አልጋ ነው። መኪናው፣ ስንቁና ምግብ አብሳዩ ከሌላ ከተማ ይመጣሉ። ለአፋሩ የሚተርፈው የመሪ፣ የጥበቃና የግመል ክፍያ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በዶላር እየሸጠ በብር ለሚያወጣ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው።

«አደጋውስ?» የሚል ባለሀብት አልተሳሳተም። በጥር 2004 ዓ.ም. ኤርታ አሌ ላይ አምስት የውጭ ጎብኚዎች ተገድለዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የመቀሌው መንገድ ለጎብኚ ዝግ ነበር። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ሕንድ ድረስ ተጉዟል። ሙቀቱም ሥራውን ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት ይገድበዋል። ስለዚህ እዚያ ፎቅ መሥራት እብደት ነው። የሚያዋጣው ጥላ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መታጠቢያና ሃያ ሠላሳ አልጋ ነው፤ በበጋ ተከፍቶ ሙቀቱ ሲበረታ የሚዘጋ። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ጉባኤ የሚካሄደውም በየካቲት፣ በረሃው ገና ሳይጋል ነው። ሰመራ የአውሮፕላን ማረፊያ አላት። ከጉባኤው በኋላ ሦስት ቀን የተረፈው እንግዳ በበረራ ደርሶ ሊመለስ ይችላል፤ ይህን ሦስት ቀን ከክፍሉ ዋጋ ጋር አያይዞ መሸጥ የካዛንቺስ ሆቴሎች ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን ደላላው አይነግርም። የአፋር መሬት ካርታ ላይ ባዶ ይምሰል እንጂ የጎሳ ነው። ከክልሉ ፈቃድ አውጥቶ ጎሳውን በዘበኝነት ብቻ የሚቀጥር ሰው አልጋውን ባይዘረጋ ይሻለዋል፤ ድርሻ የሰጣቸው ግን እንግዳውንም ንብረቱንም የሚጠብቅለት አያጣም።