የስኳር መድኃኒት፤ ዋጋው ሲወደድ ምክሩም ሲጠፋ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ የምትገኘው ሐርላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ በቁፋሮ ተገኘባት ተብሎ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ስሟ ተነስቶ ነበር። እኔ በቅርቡ ወደዚያ ስሄድ ያሳሰበኝ ግን የዛሬው ኑሮዋ ነው። አንድ የስኳር ሕመምተኛ አባት የኢንሱሊን ብልቃጣቸውን በፌስታል አድርገው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሰቅለውታል። «ስለተወደደብኝ ግማሽ ግማሹን ነው የምወጋው» አሉኝ።

እኚህ አባት ሁለት ጊዜ ተጎድተዋል፤ አንዴ በዋጋው፣ አንዴ ደግሞ የሚያስረዳቸው በማጣት።

በመጀመሪያ ዋጋውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1921 ኢንሱሊንን ያገኙት ተመራማሪዎች የፈጠራ መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ነበር። እኛ ዘንድ ግን ኢንሱሊን በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለብዙዎች ደርሷል። ይሁንና መድኃኒቱ ከመንግሥት ጤና ተቋም ሲጠፋ ሕመምተኛው ከግል ፋርማሲ በኪሱ ይገዛል።

ሁለተኛው የዕውቀት ጉዳይ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የተከፈተውም ቢሆን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሳያልፍ ለአራት ሳምንት ያህል ነው የሚያገለግለው። በድሬዳዋና አካባቢዋ በሞቃታማ ወራት የቀኑ ሙቀት ከዚህ ይበልጣል፤ ከቆርቆሮ ሥርማ አይወራም። በስንት ልፋት የተገዛው መድኃኒት ኃይሉን አጥቶ ይወጋል ማለት ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ነገር ጠቅልሎ፣ በውሃ በራሰ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ጥላና ነፋስ ባለበት ቢያስቀምጠው ሙቀቱ ይቀንስለታል። ይህን ምክር ለመስጠት ምንዛሪ አያስፈልግም።

መጠኑን በራስ ፈቃድ መቀነስም ቁጠባ አይደለም። ስኳሩ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ሰውነታቸው ኢንሱሊን ጨርሶ ለማያመነጭ ሰዎች ደግሞ በቀናት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ረመዳንን መጾም የሚፈልግም አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ይገባዋል። ነገር ግን በአፋን ኦሮሞ ለሚናገር ገበሬ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ምን ይነግረዋል?

ስለዚህ መድኃኒት የሚያድል ሁሉ በሕመምተኛው ቋንቋ ያስረዳ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲሄዱ ብልቃጡ የት እንደተቀመጠ ይጠይቁ። ምክር ብቻውን ግን ኢንሱሊን አይገዛም፤ የመንግሥት ፋርማሲዎች መደርደሪያም ባዶ መሆን የለበትም። ዛሬ ለብልቃጥ ያልወጣው ገንዘብ ነገ ለኩላሊት እጥበት በብዙ እጥፍ ይወጣልና።